ስምንት ሰዓት ያልኩት

ጥቅምት 10፣ እሑድ

ዛሬም ፊልሙን ሳላየው አለቀ። ማለቴ… ዓይኔ አይቶታል። ግን ይሄ ማየት ይባላል? በግራ አባዬ፣ በቀኝ የኔታ ወልደ ሩፋኤል፣ መሐል እኔ አስተርጓሚዋ። ለአንዳቸው ስመልስ ፊልሙ ያመልጠኛል፣ ዞር ስል ሰውየው ተገድሎ አገኘዋለሁ።

ጥሩ ፊልም ነበር ደግሞ። ጥቁርና ነጭ፣ ዝናብ፣ ባርኔጣውን ዓይኑ ላይ የደፋ መርማሪ፣ የምትዋሽ ቆንጆ ሴት። ፈረንጆቹ «ኑዋር» ይሉታል ይሄን ዓይነቱን። እኔን ልክፍቱ የያዘኝ ሰፈራችን ያለው ቪዲዮ ቤት የተዘጋ ጊዜ ነው። ባለቤቱ ማንም የማይፈልጋቸውን ዲስኮች በካርቶን አሸከመኝ። «ቀለም እንኳ የለው፣ ማን ያየዋል ብለሽ ነው?» አለኝ። እኔ አየሁታ። አይቼም ዝም አላልኩ፣ አባዬን ለከፍኳቸው። አባዬ ደግሞ ጎረቤታችንን የኔታን።

አባዬ ሃያ ስድስት ዓመት ዳኛ ነበሩ። ጡረታ ወጥተዋል፣ ከችሎት ግን አልወጡም። «ምስክሩ የት ቆሞ ነው ያየው? በዚህ ጨለማ ማን ማንን ለይቶ? አቁሚው።» አቆማለሁ። «መልሺው።» እመልሳለሁ። የኔታ የድጓ መምህር ናቸው። ፊልም ያያሉ እንዳይባል ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ በጎን ነው የሚቀመጡት። «እኔ ዳኛውን ልጠይቅ ነው የመጣሁ» ይላሉ በየሳምንቱ። ከዚያ ሴትየዋ ዓይነ ርግቧን ጥላ ስትገባ፣ «አንድም ሐዘን ላይ ናት፤ አንድም እንዳትታወቅ ነው፤ አንድም ዝንቡ በዝቷል።» መጽሐፍ የሚተረጉሙ ነው የሚመስላቸው!

የሰማንያ ደቂቃ ፊልም ሦስት ሰዓት ፈጀብን። የሚቀጥለውን እሑድ ብቻዬን በሬን ዘግቼ አያለሁ ብያለሁ። አላደርገውም፣ ራሴን አውቃለሁ። እማዬ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ድምፅ የሚሰማው በዚህች ቀን ብቻ ነው።

ጥቅምት 13

ክሊኒክ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ዋልኩ። ነርስ ሁኚ ያለኝ ማን ነበር? መብራት የለም። ውኃም የለም።

ጥቅምት 17፣ እሑድ

ፊልሙ ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ሲቀረው መብራት ሄደ። ለምን ሁልጊዜ አሥር ደቂቃ ሲቀረው? ሲጀምር ቢሄድ ምን ነበረበት?

ማን ገደለው? እኔ ወንድሙ ነው አልኩ። የኔታ «እንጠብቅ» አሉ። አባዬ ግን ወዲያው ፈረዱ። ሚስቱ ናት።

«መጨረሻውን ሳናይ?»

«እስክዬ፣ ዳኛ የጎደለውን ሁሉ ሲጠብቅ ከኖረ አንድ ፋይል አይዘጋም። ባለው ማስረጃ ይወሰናል።»

የኔታ ወደ ግድግዳው እንደዞሩ፣ «መብራቱ እኮ ሊመጣ ይችላል» አሉ። አባዬ ሰሙ አልሰሙም፣ አልገባኝም። በሚስትየዋ ላይ አሥራ ሁለት ዓመት ፈረዱባት።

ጥቅምት 19

መብራት መጣ። ከሥራ እንደገባሁ መጨረሻውን አየሁት። ወንድሙ ነው! ሮጬ ለአባዬ ነገርኳቸው። ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ደራሲው ነው የተሳሳተው።»

ከእኚህ ሰው ጋር እንዴት ነው ፊልም የሚታየው…

ጥቅምት 24፣ እሑድ

ከአዳር ሥራ መጥቼ ሳልተኛ ነበር የተቀመጥኩት። ስህተቱ የመጣው ከዚያ ነው።

ፊልሙ የሚጀምረው የመጋዘን ጥበቃ ተገድሎ ነው። የተጠረጠረው አንድ የመሸታ ቤት ፒያኖ መቺ። ፖሊሱ ግድያው የተፈጸመበትን ሰዓት ሲናገር ወደ እኛ ሰዓት መለስኩና «ማታ ሁለት ሰዓት» አልኳቸው። እስከዚህ ደህና ነኝ። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ የመሸታ ቤቷ ሴት ትመሰክራለች። ዓይኔ ሊከደን ነው… ሴትየዋ እንዳለችው፣ ቃል በቃል፣ «ስምንት ሰዓት ላይ እኔ ጋ ነበር» አልኩ።

አባዬ ከወንበራቸው ተነሱ። «ተያዘ! ግድያው ሁለት ሰዓት፣ ምስክሯ የምታወራው ስለ ስምንት ሰዓት! መሐል ላይ ስድስት ሰዓት አለ። ራሱ ባመጣው ምስክር ራሱን አሰረ።» ደስታቸው! እጃቸውን አፋተጉ።

የኔታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ዳኛ፣ አንድ ነገር… ጥበቃው የወደቀበት መጋዘን ግድግዳ ላይ ሰዓት ነበር። አጭሩ ቆጣሪ ስምንት ላይ ነው። የመሸታ ቤቱም ሰዓት አጭሩ ስምንት ላይ ነው። እንዴት አንዱ ሁለት፣ አንዱ ስምንት ተባለ?»

ወደ ግድግዳ ዞረው ይሄን ሁሉ አይተዋል! በሳቅ ፈረስኩ። «የኔ ጥፋት ነው» አልኩ። «አንዱን ወደ እኛ ሰዓት መለስኩት፣ አንዱን በፈረንጅ ተውኩት። ሁለቱም ያው አንድ ሰዓት ናቸው። ሰውየው እውነቱን ነው፣ ንጹሕ ነው።» የኔታም በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ።

አባዬ አልሳቁም። «ስምንት ብለው የሚጽፉት ሁለት ሊሆን ይችላል» አሉ። ለእኔ አይደለም የሚናገሩት።

«እንዴ አባዬ፣ ይሄንማ ያውቁታል።»

«አውቃለሁ።»

ሄደው ቴሌቪዥኑን በጣታቸው አጠፉት። ሪሞቱ እጃቸው ላይ እያለ።

ጥቅምት 25

ተቆጥተውኛል። በአንድ ሰዓት ምክንያት! አዳር ሠርቼ መጥቼ በነፃ ላስተርጉም፣ ተሳሳትኩ ተብሎ ደግሞ ኩርፊያ። ሌላ አስተርጓሚ ይቅጠሩ።

ጥቅምት 28

ቁርስ ላይ አንድ ቃል የለም። «ደህና ዋይ» እንኳ የለም። ይቅርታ ልበል? ለምኑ?

ኅዳር 1፣ እሑድ

እኔው ተሸነፍኩ። ካርቶኑን አወጣሁና «የትኛውን ልክፈት?» አልኳቸው። «ፊልም በቃኝ።» በቃ ይሄው።

የኔታ እንደ ልማዳቸው መጡ። ቴሌቪዥኑ ዝግ መሆኑን ሲያዩ ወንበራቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት አዙረው ተቀመጡ። ለጠፋ ቴሌቪዥን! በሌላ ቀን ቢሆን ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር። ሦስታችንም አንድ ሰዓት ያህል የራሳችንን ጥላ መስታወቱ ላይ አየን።

ሊሄዱ ሲሉ በር ድረስ ሸኘኋቸው። «ምን ሆነውብኝ ነው የኔታ?» «እኔንም አልነገሩኝ። ግን ኩርፊያ አይደለም። የሚያኮርፍ ሰው እህል ይበላል።» እውነታቸውን ነው። ለካ ሳምንቱን ሙሉ ምግቡን ሳይነኩ ሲመልሱ ነበር። ነርስ ነኝ እላለሁ ደግሞ።

ኅዳር 3

ምሳ ላይ ድንገት፣ «እናንተ የበሽተኛ ካርድ ላይ ሰዓት ስትጽፉ በየትኛው ነው?»

«እንደ ጸሐፊው ነው። እኔ ግራ እንዳያጋባ አጠገቡ ‹በእኛ› ብዬ እጨምርበታለሁ። ብዙው ግን በተማረበት፣ በፈረንጅ ነው የሚጽፈው።»

«የገጠር ጤና ጣቢያስ? የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ?»

«ያኔማ ይበልጥ።»

እጃቸውን ታጠቡ። ምንም ሳይበሉ። ለምን ይጠይቁኛል? ብላቸው «እንዲያው ነው» አሉኝ። አባዬ እንዲያው የሆነ ጥያቄ ጠይቀው አያውቁም።

ኅዳር 5

ዛሬ መርማሪ ሆንኩ። በፊልሞቹ ላይ የሰው መሳቢያ ሲበረብሩ «አያፍሩም?» እላለሁ። አላፈርኩም። አባዬ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ነበር። የቆዩ የውሳኔ ግልባጮች የሚያስቀምጡበት የቆርቆሮ ሣጥን አልጋቸው ሥር ግማሽ ወጥቶ አገኘሁት። ከላይ አንድ ውሳኔ አለ፣ ጠርዙ በእጅ ብዛት የተሸበሸበ።

ሐምሌ 1998። ተከሳሽ አበባው፣ ገበሬ። በድንበር ጠብ ጎረቤቱን ከኋላ በመጥረቢያ መትቶ ከባድ ጉዳት አደረሰ ተብሎ። ተመቺው የመታውን ሰው ፊት አላየም፤ ከአበባው ጋር ተጣልቼ ነበርና እሱ ነው ብሏል። አበባው የተከራከረው እንዲህ ብሎ ነው፦ ያን ቀን ሌሊቱን ሚስቴ ምጥ ይዟት በበቅሎ ጭኜ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት መንገድ ላይ ነበርኩ። አማቱ አብራው ነበረች፣ መሰከረች። ዘመድ ናት ተብሎ ቃሏ ተጣለ። ከዚያ የጤና ጣቢያውን ካርድ አቀረበ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ልገልብጠው። «ተከሳሹ ራሱ ያቀረበው ካርድ ጤና ጣቢያው የደረሰው በ8፡30፣ ሕፃኗም የተወለደችው በ9፡10 መሆኑን የሚያስረዳ ሲሆን፣ ወንጀሉ የተፈጸመው ጠዋት 2፡00 ላይ በመሆኑ፣ ተከሳሹ ድርጊቱን ፈጽሞ ወደ ጤና ጣቢያ ለመሄድ በቂ ጊዜ ነበረው። ክርክሩ ሆን ተብሎ የተፈጠረ ውሸት ነው።» ካርዱን የጻፈው ጤና ረዳት ተቀይሮ ስለሄደ ሁለት ጊዜ መጥሪያ ወጥቶለት አልቀረበም። «ለሦስተኛ ጊዜ መጥራቱ አስፈላጊ ሆኖ አልተገኘም።» ሰባት ዓመት።

8፡30… አንዴ አይቼ ገባኝ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። በዚያው ወረቀት ላይ ከማሳው እስከ ጤና ጣቢያው የሦስት ሰዓት መንገድ ነው ይላል። በግማሽ ሰዓት? ምጥ የያዛት ሴት በበቅሎ ጭኖ?

ከታች የአባዬ ፊርማ። እንዴት ያምራል ፊርማቸው።

ኅዳር 6

ነገርኳቸው፤ አነበብኩት አልኩ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«መሳሳቱን አይደለም» አሉ። «ዳኛ ይሳሳታል። የገጠር ጤና ረዳት በፈረንጅ ሰዓት ይጽፋል ብዬ አላሰብኩም፤ ይሁን። ግን እስክዬ፣ ሰውየው ‹ጌታዬ፣ ጠዋት ነው! ጠዋት ነው የተወለደችው!› እያለ ሲጮህ ተቀመጥ አልኩት። አስቀመጥኩት። የፍርድ ቤት ዕረፍት ሊገባ አራት ቀን ቀርቶት ነበር። ፋይሉን ልዝጋ ብዬ… ሦስተኛ መጥሪያ አንድ ወረቀት ነው። አንድ ወረቀት።»

አራት ዓመት ከስምንት ወር ታስሮ በአመክሮ ወጣ። ይሄን ያውቃሉ። ሄደው ሊነግሩት ነው። ያለው ሮብ ገበያ የምትባል ከተማ አካባቢ ነው።

«ማን ጠየቀዎት?» አልኩ። ጮኽኩ እንጂ። «ሰውየው ወጥቷል፣ እየኖረ ነው። አሁን ሄደው ቁስሉን ቢነካኩት ምን ይጠቀማል? ደግሞ እዚያ ምን እንደሚያደርጉዎት ያውቃሉ?» «ደም ግፊት አለብዎት» አልኩ።

አፌ ያላለውን እዚህ ልጻፈው። የዳኛ የሺዋስ ልጅ እየተባልኩ ነው ያደግሁት። በዚያች ስም ወረፋ ሳልይዝ ገብቻለሁ፣ ቀና ብዬ ሄጃለሁ። አበባው የታሰረ ዓመት ነርስነት ልማር የገባሁ ዓመት ነው። ደግሞ ይሄን ጉድ ያመጣሁት እኔው ነኝ፣ በዚያ በተረገመ ካርቶን። አፍሬባቸዋለሁ። አዝኜላቸዋለሁ። ሁለቱን በአንድ ሆድ እንዴት ይያዛል?

ኅዳር 8፣ እሑድ

ያን የሰዓቱን ፊልም ጠዋት ብቻዬን እስከ መጨረሻው አየሁት። ፒያኖ መቺው ሲሸሽ በጥይት ይገደላል። ንጹሕ መሆኑን መርማሪው የሚያውቀው ከዚያ በኋላ ነው። ምን ያደርጋል? ሬሳውን ያያል፣ ሲጋራ ይለኩሳል፣ በዝናቡ ውስጥ እየራቀ ይሄዳል። ሙዚቃ። አለቀ።

ስንቱን ፊልም እንዲህ ሲያልቅ አይቼ «ዋው» ብያለሁ! ዛሬ ግን ደሜ ፈላ። የት ነው የምትሄደው? የሰውየው እናት ቤት አትሄድም?

ለአባዬ ነገርኳቸው። «ሲጋራ ለኮሰና ሄደ?» አሉ።

«አዎ።»

«እኔ ሲጋራ አላጨስም።»

የኔታ ከሰዓት መጡ። አባዬ ሁሉንም ነገሯቸው፣ ከመጥሪያው እስከ ጩኸቱ። እኔ ጎን ተቀምጬ የኔታን ተስፋ አደረግሁ። ለአንድ ዓይነ ርግብ ሦስት ትርጓሜ ያመጡ ሰው፣ ለዚህ ደግሞ ቢያንስ አምስት ያመጣሉ፤ አንደኛው አባዬን ቤት ያስቀምጣል ብዬ። ጺማቸውን ጎተቱ።

«ይሄ አንድም የለውም ዳኛ» አሉ። «ይሂዱ።»

ይኸው ነው እንግዲህ የኔ ተስፋ።

ኅዳር 10

ግልባጩን ፍራሼ ሥር ደበቅኩት። እውነቱን ከሆነ ልቀደው ነበር፤ ጠርዙን ያዝ አድርጌ… አልቻልኩም። አባዬ አልጠየቁኝም። ለምን ይጠይቃሉ? በቃላቸው ያውቁታል። ጓሮ ቆመው «ሆን ተብሎ የተፈጠረ ውሸት ነው» ሲሉ ሰማኋቸው፣ ብቻቸውን። መልሼ ሣጥኑ ውስጥ ከተትኩት።

ኅዳር 12

ሚካኤል ነው። አብረን ሳምን፤ ስንመለስ «እኔም እሄዳለሁ» አልኳቸው። «ሥራ አለሽ» አሉ። ፈቃድ ጠይቄያለሁ። መንገዱ ደህና እስኪሆን ትንሽ እንጠብቅ አሉን የመናኸሪያ ሰዎች። ስንት ቀን ነው ትንሽ?

ኅዳር 18፣ ረቡዕ

እጄ ዝሏል ግን ዛሬ ካልጻፍኩት አይወጣልኝም።

ገበያ ቀኑ ስለሆነ እዚያው እናገኘዋለን ብለው ነው ረቡዕን የመረጡት።  ሮብ ገበያ ስንወርድ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ የጮቄ ተራራ በጉም ተሸፍኗል። ድንች የሚሸጥ አንድ ጎልማሳ ጠየቅን። «አበባው የሚባል፣ ከታች ከወንዙ ማዶ…»

«የትኛው አበባው? የሰዓቱ?» አለና ሳቀ። አጠገቡ ያሉትም ሳቁ።

አባዬ «የምን ሰዓት?» አሉ። ሰውየው በደስታ አስረዳን። በዚያ አገር ቀጠሮ ያፈረሰ፣ አርፍዶ የዋሸ ሁሉ «በአበባው ሰዓት ነው እንዴ?» ይባላል። ከየት እንደመጣ? «ዱሮ አንድ ገበሬ ሰው መትቶ፣ ከሰዓት የተወለደች ልጁን ጠዋት ነው የተወለደችው ብሎ ዳኛ ሊሸውድ ሞከረ። ዳኛው ግን የዋዛ አልነበረም።»

የአባዬን ክንድ ያዝኩ። 

አቶ አበባውን ገብስ ተራ አገኘናቸው። ሃምሳ ዓመት ቢያልፋቸው ነው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው ቆመዋል። አባዬ ፊታቸው ሄደው ቆሙና «እኔን ያውቁኛል?» አሉ። እርስዎ ብለው። ሰውየው ቀና አላሉም።

«ድምፅዎን አውቀዋለሁ» አሉ።

ከገበያው ወጣ ብሎ ባለ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። አባዬ ተናገሩ። ካርዱን፣ የፈረንጅ ሰዓቱን፣ ሦስተኛውን መጥሪያ። አቶ አበባው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ የጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ «አሁን በምን አወቁ?»

አባዬ ወደ እኔ አዩ። ምን ልበል? «ፊልም ስናይ ነው» አልኩ። «ፊልሙ ውስጥ ሰዓት ነበር…»

«ፊልም» አሉ። ሳቁ፣ ግን ሳቅ አልነበረም። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እኔ ስናገር ያልገባዎት፣ ፊልም አይተው ገባዎት?»

የት ልግባ! አባዬ «አዎ» አሉ።  «አዎ፣ እንዲያ ነው።»

አባዬ ይቅርታ ለማለት ሲነሱ በእጃቸው አስቆሟቸው። «ይቀመጡ» አሏቸው። «እስሩን ትቼዋለሁ። መሬቴንም ባለቤቴ አልሰጥም ብላ ጠበቀችልኝ። የሚያንገበግበኝ ልጄ ናት። የብርጓል። ትምህርት ቤት ‹ከሰዓት ወይስ ከጠዋት?› እያሉ ነው ያሳደጓት። በልደቷ ነው እኔ ዋሸሁ የተባልኩ። አሁን ቤት ሄጄ ዳኛው ጠዋት ነው አለ ብላት፣ ማን ያምነኛል? ውሸታም ነኛ! ሰንበቴ ላይ ይምጡ። ሕዝቡ ባለበት፣ ቆመው ይናገሩት።»

«እመጣለሁ» አሉ አባዬ።

እኔ ደግሞ መንገዱን ሙሉ አቶ አበባውን ተቆጣኋቸው። በልቤ። ሽማግሌ ሰው ሕዝብ ፊት አቁሞ… ከዚያ ከተማችን ማርቆስ ልንገባ ስንል አቶ አበባውን ሕዝብ ፊት አቁሞ «ውሸታም» ብሎ የፈረደባቸው ማን እንደነበር ትዝ አለኝ። 

ኅዳር 23

የሚናገሩትን እየጻፉ ነው። አየሁት። «ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን እንደገና እንደመረመረው የሰዓት አቆጣጠር ልዩነት የተፈጠረ መሆኑን ተገንዝቧል።» ወረቀቱን ነጠቅኳቸው።

«የቱ ፍርድ ቤት ነው የተገነዘበው? ‹እኔ› ይበሉ!»

«እስክዬ…»

«ልዩነቱስ ራሱ ነው የተፈጠረው? ‹እኔ ተሳሳትኩ፣ እኔ ተቀመጥ አልኩት› ይበሉ።»

እንዲህ ተናግሬያቸው አላውቅም። እስኪ ልጃቸው በላያቸው ላይ ትጩህ… መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ከዚያ ወረቀቱን ልመልስላቸው ስዘረጋ እጄን ገፋ አደረጉ። «ያዢው። ያለ ወረቀት ነው የምናገረው።»

ኅዳር 24

የኔታም አብረው ሊሄዱ ነው። «እኔ ዳኛውን ልጠይቅ ነው የምሄድ» ይላሉ። አሁንም!

ኅዳር 29፣ እሑድ

ቅዳሜ ሮብ ገበያ አንድ ዘመድ ቤት አድረን ጠዋት በእግር ወረድን። የአባዬን ጉልበት ፈርቼ ነበር፤ እኔ ነኝ የደከምኩት። ቅዳሴ ሲወጣ ሕዝቡ ሰንበቴ ቤቱ ፊት ያለው ሣር ላይ ተቀመጠ። ዳቦ፣ ጠላ። ሰዉ ሁሉ እኛን ያያል። የኔታ ከቄሰ ገበዙ ጋር ተነጋገሩና ቄሰ ገበዙ «እንግዳ የሚናገሩት አላቸው» አሉ።

አባዬ ተነሱ። ኮፍያቸውን አወለቁ። ያ ችሎት የሚሞላ ድምፃቸው የት ሄደ? ከኋላ ያሉት «አልተሰማም» አሉ። እንደገና ጀመሩ።

«የሺዋስ እባላለሁ። በ1998 አበባው ላይ ሰባት ዓመት የፈረድኩት ዳኛ እኔ ነኝ። አበባው እውነቱን ነበር የተናገረው። የተሳሳትኩ እኔ ነኝ። ካርዱ ላይ ያለው ሰዓት በፈረንጅ ነው፤ ሳልጠይቅ በእኛ አነበብኩት። ጠዋት ነው እያለ ሲጮህ ተቀመጥ ያልኩት እኔ ነኝ። አበባው ሰው አልመታም፣ አልዋሸም።»

ቀለል ያለ ነገር መሰለኝ ሲጽፉት። ሲነገር ግን… አንድ ሽማግሌ «ታዲያ አራቱን ዓመት ማን ይመልስለት?» አሉ። አባዬ «የሚመልስ የለም» አሉ። አቶ አበባው ከዋርካው ሥር ቆመው መሬት መሬቱን ነው የሚያዩት። አባዬ ወደ እሳቸው ሄደው ጎንበስ ሲሉ፣ አቶ አበባው ትከሻቸውን ይዘው አቀኗቸው። አላቀፏቸውም። እጃቸውንም አልዘረጉም። አቀኗቸው፣ በቃ። እኔ ማልቀሴን ያወቅሁት የኔታ ነጠላቸውን ሲሰጡኝ ነው። አባዬ ብቻቸውን መሐል ላይ ቆመው ሳያቸው ያን ሁሉ ጊዜ ስፈራለት የነበረው ስም ትዝ አላለኝም።

ከሴቶቹ በኩል አንዲት ልጅ ተነሳች። ቀጭን፣ ረዥም። እናቷ ቀሚሷን ይዛ ልታስቀምጣት ሞከረች፣ አስለቀቀቻት። ሰዉ እየተከፈተላት መጥታ አባዬ ፊት ቆመች። የብርጓል ናት። የአባቷ ዓይን አላት።

«እኔ ስንት ሰዓት ላይ ነው የተወለድኩ?» አለች።

«ሦስት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ላይ።»

«የምኑ?»

«የጠዋቱ፣ ልጄ። ጠዋት ነው የተወለድሽው።»

ወደ ሕዝቡ ዞረች። አንድ በአንድ የምታያቸው ይመስላል።

«ሰማችሁ?» አለች።

ማንም አልሳቀም።